በአቶ ሎታኒ ማኡሬ ዕረፍት፣ እንዲሁም ዜናው ለራሳቸው ለሟቹ ዘግይቶ በመድረሱ የወጣ የሀዘን መግለጫ

ከምሥራቅ ቤይ የመረዳጃ እድር ጽሕፈት ቤት፣ ኦክላንድ
ለእድሩ አባላት፣ ለወዳጆችና ለአካባቢያችን ነዋሪዎች በሙሉ

የምሥራቅ ቤይ የመረዳጃ እድር የረጅም ጊዜ አባሉና የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ሎታኒ ማኡሬ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። አቶ ሎታኒ ያረፉት በጥር ወር ሲሆን ይህ መግለጫ የወጣው በሚያዝያ ነው። “እድሩ ሰው ቀብሮ እስከ ፋሲካ ዝም አለ” የሚል ወሬ በአባላት ዘንድ እንደሚናፈስ ደርሰንበታል። ወሬው ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን አንዳንዶች በእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ እንደጻፉት የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው እንቅልፍ አይደለም። መግለጫ ለሁሉም ሰው የሚነገር ነገር ነው። ለሁሉም ከመነገሩ በፊት ደግሞ ቀድመው ሊሰሙት የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ የሟቹ እህት ናቸው። ሁለተኛው ሟቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ፈገግ ያላችሁ አባላት ትኖራላችሁ። ኮሚቴውም በጊዜው ፈገግ ብሎ ነበር።

አቶ ሎታኒ የተወለዱት በደቡብ ምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከሚገኙት ሦስቱ የቴማሎ ደሴቶች በመካከለኛዋ ነው። ደሴቶቹ ትንንሽ ናቸው። ሟቹ ያስረዱ እንደነበረው አንዷን ዞሮ መጨረስ የኦክላንዱን ሐይቅ ሌክ ሜሪትን ከመዞር ብዙም አይበልጥም፤ ልዩነቱ እዚያ ውሃው በውጭ በኩል መሆኑ ነው። ሕዝቡ የሚናገረው ቴማልኛ የተባለ የራሱ ቋንቋ አለው። ተናጋሪዎቹ ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ መካከለኛ የሠርግ አዳራሽ ይበቃቸዋል፤ ጥቂት ወንበርም ይተርፋል። ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በጎረቤቲቱ ትልቅ ደሴት ቋንቋ ይሰብካል። ለቴማልኛ የቀሩለት ቤት፣ ዓሣና ሞት ናቸው።

በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አቶ ሎታኒ ከታላቅ እህታቸው ከወይዘሮ ሲናሌ ጋር ወደዚህ መጡ። በዚያን ጊዜ በሄይዋርድ መጋዘኖች የሚሠሩ በርከት ያሉ የቴማሎ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጆቻቸው ሁሉን ይሰሙ ነበር፣ የሚመልሱት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ለእኛ አባላት ማብራራት አያስፈልግም። ከዚያ የቤት ሬንት ሲንር ቤተሰቦቹ አንድ በአንድ ወደ ኦሪገንና ወደ ኔቫዳ ሄዱ። በመጨረሻ የቀሩት ሄይዋርድ የሚኖሩት ወንድምና ሬድውድ ሲቲ የሚኖሩት እህት ብቻ ነበሩ። ሁለቱ በየጠዋቱ ይደዋወላሉ። ስለዚህ ላለፉት ዓመታት ቴማልኛ በዚህ አካባቢ የሚነገረው በአንድ የስልክ መስመር ላይ ብቻ ነበር።

ሟቹ ለእድራችን ካበረከቷቸው አገልግሎቶች የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

በ2006፦ አብረዋቸው የኤርፖርት ሻትል ይነዱ የነበሩት የአሁኑ ምክትል ሰብሳቢያችን አቶ ጥሩነህ እናታቸው ሲያርፉ፣ አቶ ሎታኒ ልቅሶ ቤት መጥተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ማንም ሳይጋብዛቸው ሳልስቱ እስኪያልፍ ከሥራ መልስ እየመጡ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ሲሰናበቱ “ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይህን የሚያደርግለት ማነው?” ብለው ጠየቁ። በዚያው ወር አባል ሆኑ። የመተዳደሪያ ደንባችን ስለ አገር የሚለው ነገር እንደሌለ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በ2010፦ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ተመረጡ። ሄይዋርድ ባለው ስቶሬጅ የሚቀመጡት ወንበሮች፣ ድንኳኖችና ድስቶች በእጃቸው ገቡ። ከእርሳቸው በፊት ወንበር ከልቅሶ ቤት ጎድሎ ይመለስ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ በዝቶ ይመለስ ጀመር። የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ወንበሮች እስካሁን አሉን፤ ባለቤቶቻቸው ቢያመለክቱ እናስረክባለን።

በ2015፦ ከእህታቸው ጋር ሆነው አልባኒ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የቅዳሜ የቴማልኛ ትምህርት ከፈቱ። ወንበር ያዋስነው እኛ ነን። ልጆቹ ሁሉንም ነገር ተረድተው “ኦኬ” እያሉ ይመልሱ ነበር። ቤተሰቦቹ ሲሄዱ ትምህርቱ ተዘጋ።

በ2020፦ በወረርሽኙ ወቅት ቀብር ላይ ቤተሰብ እንዳይሰበሰብ በተከለከለ ጊዜ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አስከሬን ሲቀበር ርቀታቸውን ጠብቀው ቆመው ስልካቸውን ወደ ጉድጓዱ ያቀኑ ነበር። ብዙዎቻችን የዘመዶቻችንን አፈር ድምፅ የሰማነው በእርሳቸው ስልክ ነው።

አቶ ሎታኒ አማርኛ የተማሩት ከእኛ ነው። ሁሉንም ሰው “እርስዎ” ይሉ ነበር፤ ሕፃናትንም፣ የእድሩን ዕቃ የሚጭኑልንን የአቶ ሙጠሊብን ውሻም። አንድም ጸያፍ ቃል አልተማሩም። ከሻትል ሹፌሮች ጋር ለዓመታት ለሠራ ሰው ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

በጥር ወር አንድ ጠዋት፣ እንደ ልማዳቸው ከእህታቸው ጋር አውርተው ስልኩን ከዘጉ በኋላ፣ ስቶሬጁ ደጃፍ ላይ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ዕቃ ሊጭኑ የሄዱት አቶ ሙጠሊብ “ጋሽ ሎታኒ፣ ጭነት አለ” ብለው ደጋግመው ከጠሩ በኋላ ነው የተረዱት። ቀብራቸው ሄይዋርድ በክብር ተፈጽሟል። የመጣው ሰው ብዛት፣ ስለ ራሳችን መናገር ባይሆንብን፣ የሚያኮራ ነበር። ያልመጡት እህታቸው ብቻ ነበሩ። አልተነገራቸውም።

ይህ የኮሚቴው ውሳኔ ነው። ወይዘሮ ሲናሌ በዚያን ሰሞን የልብ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሬድውድ ሲቲ በአንድ ማገገሚያ ቤት ተኝተው ነበር። በወይዘሮ ሀረገወይን ሰብሳቢነት በተደረገው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ የተነገረው በየቦታው ተጣሞ ስለደረሰ፣ ጽሕፈት ቤቱ እንደተባለው ያሰፍረዋል።

አቶ ጥሩነህ፦ “ልቧ ገና ተከፍቶ ተሰፍቷል። ሄዳችሁ ወንድምሽ ሞተ ልትሏት ነው?”

የሞት ዜና ለአባላት የሚያስተላልፉት፣ ማለትም የእድሩ ለፋፊ ወይዘሮ ሐቢባ፦ “እሷ እኮ የኛ አገር ሰው አይደለችም ጋሽ ጥሩነህ። እዚህ አገር ዶክተሩ ራሱ ‘አይ አም ሶሪ’ ብሎ ቁርጥህን ይነግርሃል። ኋላ ስትሰማ ሱ ታደርገናለች፣ ፍርድ ቤት ታቆመናለች።”

አቶ ጥሩነህ፦ “መርዶ በስልክ አይነገር፣ ለታመመ አይነገር። ሲሻላት ሽማግሌ ይዘን በጠዋት እንሄዳለን። እስከዚያ ስልኩ ተበላሽቷል በሏት።”

ወይዘሮ ሐቢባ፦ “ዋሹ በለን እንግዲህ።”

አቶ ጥሩነህ፦ “ይሄ ውሸት አይደለም፣ ወግ ነው።”

ሐሳቡ ከወይዘሮ ሐቢባ በስተቀር በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከመካከላችን ፈተናውን እስኪጨርስ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ እስኪያልቅለት፣ ሥራ እስኪይዝ እየተባለ የወላጁ ሞት የተደበቀበት ሰው ጥቂት አይደለም። የተደበቀብን ሁሉ ስንደብቅ ጎበዞች ነን። የአቶ ሎታኒ ስልክ ተዘግቶ ኦክላንድ ባለው የጽሕፈት ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ።

በየካቲት ሳን ሆዜ የሚኖሩ አንድ አባላችን አባታቸው አረፉ። አቶ ሙጠሊብ ወንበር ሊጭኑ ስቶሬጁ ጋ ሲደርሱ ወንበሮቹ የሉም። አቶ ጥሩነህ ወስደዋቸው ይሆናል ብለው ተመለሱ። አቶ ጥሩነህም ልቅሶ ቤቱ ሲደርሱ ወንበሮቹ ተዘርግተው አገኙ፤ አቶ ሙጠሊብ አምጥተዋቸው ይሆናል ብለው ተቀመጡ። በእድር ሥራ እንዲህ ያለው ነገር የዕለት ተዕለት ነውና የጠየቀ የለም። ያስገረመው አዘረጋጉ ብቻ ነበር። ልቅሶው በተቀመጠበት ጋራዥ ውስጥ ያሉት ወንበሮች በሙሉ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ውቅያኖሱ አቅጣጫ፣ ዞረው በረድፍ ተደርድረዋል። መቀመጫቸው እርጥብ ነበር። በጋራዡ ምዕራብ በኩል ያለው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ስለሆነ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ማሽኑን እያየ አለቀሰ። ወንበሩን ለማዞር የደፈረ አልነበረም። ለምን እንዳልደፈረ አንዱም ሊያስረዳ አልቻለም።

በመጋቢት ደግሞ አቶ ጥሩነህ ሄይዋርድ ውስጥ ነዳጅ ሲቀዱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አቶ ሎታኒ ከጎናቸው ቆመው ነበር።

“እንዴት ዋሉ፣ አቶ ጥሩነህ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ጋሽ ሎታኒ?”

“ትንሽ በረደኝ።”

“ጃኬት ይልበሱ እንጂ! ይሄ የባሕር ንፋስ መጥፎ ነው።”

አቶ ጥሩነህ ተሰናብተው 880 አውራ ጎዳና ላይ ወጡ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እርሳቸው መሆናቸው ትዝ ያላቸው ፍሪሞንት ሲደርሱ ነው። መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ብዙ ከቆዩ በኋላ ወደ ቤታቸው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ተመለሱ። በወቅቱ ግን ለሰው አልተናገሩም። ኮሚቴው እንዲህ ያለውን ጉዳይ በሚመለከት የሪፖርት አቀራረብ ሥርዓት እንደሌለው አምኗል።

በዚያው ወር መጨረሻ ወይዘሮ ሲናሌ ተሻላቸው ተባለ። ወይዘሮ ሀረገወይን፣ አቶ ጥሩነህና ወይዘሮ ሐቢባ መርዶውን ሊነግሩ ሬድውድ ሲቲ ሄዱ። መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው። ማገገሚያ ቤቱ ጎብኚ የሚያስገባው ከቁርስ በኋላ ስለሆነ ንጋቱ ወደዚያ ተዛወረ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ የተካሄደ ሲሆን ወደ አማርኛ የመለሰው ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ወይዘሮ ሲናሌ እንግዶቹ ገና ሳይቀመጡ፦ “ወንድሜን ምን አድርጋችሁት ነው?” አሏቸው።

ወይዘሮ ሀረገወይን፦ “ምነው? ምን ሰሙ?”

“ምን እሰማለሁ፣ በየጠዋቱ ይደውልልኛል። ሰዎች ሰላም ይሉኛል፣ ከዚያ ፊታቸው ይለዋወጣል ይላል። በረደኝ ይላል። ወንበሮቹን ዘርግቼ እጠብቃለሁ፣ ማን እንደሞተ ግን የሚነግረኝ የለም ይላል።”

ወይዘሮ ሀረገወይን ይዘውት ለመጡት አበባ ማስቀመጫ ፍለጋ ተነሡ። ወይዘሮ ሐቢባ የሟቹ ስልክ የተቆለፈበትን መሳቢያ ቁልፍ በቦርሳቸው ውስጥ ዳብሰው አገኙት፤ እንደነበረ ነው። የተናገሩት አቶ ጥሩነህ ናቸው። ነገሩን ከዳር ጀምረው፣ ስለ ሰው ልጅ አላፊነትና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ አንስተው፣ እንደ ወጉ አዙረው አዙረው ሞት ላይ ሲደርሱ፣ ወይዘሮ ሲናሌ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር። አላለቀሱም።

“መቼ?”

“በጥር።”

“እሱስ ሰምቷል?”

 ጥያቄው የገባው ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ያስረዱት ይህ ነው። በቴማሎ ሰው መሞቱን በራሱ አያውቅም። የሞተውን ሰው ሞት የሚያየው ቀሪው ነውና፣ አይቶ ለሟቹ ሊነግረው ይገባል። በቀብሩ ቀን፣ ሟቹ ይመላለስበት በነበረው ምድር፣ ወደ ውሃ ተዙሮ፣ በቴማልኛ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ለዚያ ብቻ የተቀመጠ ነው፤ ሌላ ቦታ አይባልም። ሟቹ ይህን ሰምቶ ይሄዳል። ካልሰማ ሥራውን ይቀጥላል። በደሴቶቹ ላይ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም፤ የሚናገር ጎረቤት አይጠፋምና። ወይዘሮ ሀረገወይን ደሴቱ ላይ ያሉ ዘመዶች በስልክ ቢነግሩስ ብለው ጠየቁ። መልሱ “እነሱ እዚያ ሊነግሩት ይችላሉ፣ እሱ ግን እዚያ የለም” የሚል ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ ሲናሌ ድምፃቸውን ሳያሰሙ አለቀሱ። “ከእኔ ስትደብቁ ከእሱ ደበቃችሁ። ለእኔ አዝናችሁ ነው፣ ገብቶኛል። እኔ ግን አልጋ ላይ ነበርኩ። ብርድ ላይ የነበረው እሱ ነው።”

ኮሚቴው ወይዘሮ ሲናሌ በሰጡት ማብራሪያ ላይ ሦስት የሃይማኖት አባቶችን አማክሯል። ሦስቱም ጉዳዩ እንደማይመለከታቸው ገልጸው፣ ሦስቱም ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋል።

በሚያዝያ መጀመሪያ ማገገሚያ ቤቱ ፈቅዶ፣ አቶ ሙጠሊብ ወይዘሮ ሲናሌን በሳን ማቴዮ ድልድይ አሻግረው ሦስቱ መርዶ ነጋሪዎች ወደሚጠብቁበት ሄይዋርድ ባሕር ዳር አደረሷቸው። ድልድዩ አጋማሽ ላይ የወይዘሮ ሲናሌ ስልክ ጮኸ። አይተው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። “መጣን እኮ፣ ይጠብቅ” አሉ። አቶ ሙጠሊብ ስልኩ ላይ የወጣውን ስም እንዳላዩ ለኮሚቴው አረጋግጠዋል። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ተገልጦ ነበር። ወይዘሮ ሲናሌ በዊልቼራቸው ሆነው አንድ ወንበር ወደ ውሃው ዞሮ ጭቃው ላይ እንዲዘረጋ አዘዙ። አቶ ጥሩነህ ለመጪው ትውልድ ይቀመጥ በሚል ቅን አሳብ ስልካቸውን አውጥተው መቅረፅ ጀመሩ።

“ዝጋው” አሏቸው ወይዘሮ ሲናሌ። “ይሄ የሚባለው ለሞተ ሰው ነው፤ ሟች በሌለበት ከተባለ ሟች ይፈልጋል። ሰው አንዴ ይናገራል፣ ስልክ ግን ደጋግሞ ይናገራል። ስንት ሰው ልትገድል ነው?”

አቶ ጥሩነህ ስልካቸውን ዘግተው፣ ለጥንቃቄ መኪና ውስጥ አስቀምጠውት መጡ። ወይዘሮ ሲናሌ አከሉ፦ ይህ ነገር ለልምምድ አይባልም፣ አይጻፍም፣ ለማስተማርም አይነገርም። በቴማሎ ሰው የሚማረው ለሌሎች ሲነገር ቆሞ በመስማት ነው።

ከዚያ ተናገሩት። አጭር ነው። በዜማ የተባለ አልነበረም፤ ለጎረቤት በአጥር ላይ ነገር እንደሚያቀብል ሰው ነበር የተናገሩት።

የወንበሩ እግሮች ቀስ እያሉ ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ ሰው ሲቀመጥበት የሚገባውን ያህል። በቦታው ከነበሩት አራት አባላት ሦስቱ ይህን አይተዋል። አራተኛው አቶ ጥሩነህ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ወይዘሮ ሲናሌ ሲያዳምጡ ቆዩ። መለሱ። እንደገና አዳመጡ። አሁን የሚናገሩት ተራ ቴማልኛ ነበር፤ በየጠዋቱ ስልክ ላይ እንደሚናገሩት ያለ፣ ቁጣም ያለበት። በመጨረሻ ወደ እኛ ዞሩ።

“አልሄድም ይላል።”

ወይዘሮ ሀረገወይን፦ “ለምን? አላመነም?”

“አምኗል። አንቺስ ስትሞቺ ማን ይነግርሻል ነው የሚለው። ከእኔ በኋላ እዚህ ቋንቋውን የሚናገር የለም። እዚሁ እየተመላለስሽ ልትቀሪ ነው፣ ጠብቄሽ አብረን እንሄዳለን ይላል። ተው አልኩት፣ እንቢ አለ። ድሮም ግትር ነው።”

 የሟቹ ጉዳይ የሟቹ ብቻ አለመሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው። ሁለት ሰው ሊቀር ነው።

ወይዘሮ ሐቢባ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ጭቃው ገቡ። “እኔ እነግራታለሁ በይው።”

አቶ ጥሩነህ፦ “ሐቢባ! ምን ነካሽ? አንዴ እኮ ነው የሰማሽው!”

“እድሩ ውስጥ ሞት የምለፍፈው ማነው? አንተ ነህ? እንደሆነ ውሸቱን አንተ አስተምረኸናል፣ እውነቱን እኔ ልናገር።” ከዚያ ለወይዘሮ ሲናሌ፦ “ሰምቻለሁ እማማ። ይዤዋለሁ።”

ወይዘሮ ሲናሌ፦ “በልብሽ በይው። ከንፈርሽ እንዳይንቀሳቀስ።”

ወይዘሮ ሐቢባ ቆመው በልባቸው አሉት። ንፋሱ ሻሻቸውን ይመታል። ወይዘሮ ሲናሌ የወይዘሮ ሐቢባን ፊት ያነቡ ነበር።

“ትክክል ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?” አሉ ወይዘሮ ሐቢባ።

“አታውቂም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሞቼ ስትነግሪኝ፣ ያን ጊዜ።”

ከዚያም ወይዘሮ ሲናሌ ወደ ውሃው ዞረው ጥቂት ቃል ተናገሩ። ጭቃው ድምፅ አሰማና ወንበሩ ወደ ጎን ወደቀ። ውሃው መመለስ ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ ሲናሌ “በርዶኛል፣ መልሱኝ” አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልካቸው በጠዋት አልጮኸም። ዝምታው እንደከበዳቸውም ነግረውናል። አቶ ጥሩነህ አሁን ነዳጅ ማደያ ላይ ሰላም የሚላቸውን ሰው ማንነት አጣርተው ነው የሚመልሱት፤ በዚህ የተቀየማችሁ አባላት ምክንያቱን በዚህ ተረዱ።

ኮሚቴው ሁኔታውን በዘላቂነት ለመፍታት፣ ወይዘሮ ሲናሌ ለአባላት ቴማልኛ እንዲያስተምሩ በደብዳቤ ጠይቋል። የሰጡት መልስ “መጀመሪያ ልጆቻችሁን አማርኛ አስተምሩ” የሚል ነው። መልሱ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

አባላት የሚከተለውን እንድታከብሩ ይጠየቃሉ። ወይዘሮ ሐቢባ የሰሙትን እንዲናገሩ፣ ለቀልድም ቢሆን፣ ለሠርግ ጨዋታም ቢሆን፣ እንዳትጠይቋቸው። በተለይ መኪና እየነዱ ሳሉ አትደውሉላቸው። እርሳቸው እንደሚሉት መጀመሪያው አለ፣ መጨረሻውም አለ፤ መሃሉ ግን አንዳንድ ጠዋት ሸሽቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ከሥራቸው ሺፍት ቀንሰዋል። በየሳምንቱም ሬድውድ ሲቲ ሄደው ከወይዘሮ ሲናሌ ጋር ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ስለዚያ ነገር አያነሡም። ወይዘሮ ሲናሌ አልፎ አልፎ የወይዘሮ ሐቢባን ፊት አየት ያደርጋሉ፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳሉ። ያዩትን አይናገሩም።

የምሥራቅ ቤይ የመረዳጃ እድር ለወይዘሮ ሲናሌ ማኡሬ፣ በሦስቱ የቴማሎ ደሴቶች ላሉ ዘመዶቻቸው፣ በኦሪገንና በኔቫዳ ለተበተኑት የቴማሎ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም በንብረት ክፍል አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ ልባዊ መጽናናትን ይመኛል። አቶ ሎታኒ አሁን ሰምተዋልና ዕረፍታቸው የእውነት ዕረፍት ይሁን።

ለወይዘሮ ሲናሌ ረጅም ዕድሜ እንለምናለን። ይህን የምንለው ለወጉ አይደለም። እርሳቸው ያረፉ ዕለት ቴማልኛ በዚህ ባሕር ዙሪያ በአንዲት የወሎ ሴት፣ በወይዘሮ ሐቢባ ልብ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትሆናለች። ያቺም አንድ ጊዜ ተነግራ ታልቃለች። ተሳስታ የተነገረች እንደሆነ የሚያርማት ሰው የሚኖረው ወደ ውሃው በዞረው ወንበር ላይ ብቻ ነው።